ሃይግሮፊላዬ ቅጠሉን አራገፈ፤ ልጣለው ወይስ ልጠብቅ?

ጀማሪዋ_ገርጂ | ጥቅምት 21፣ ማታ 2፡40

ሰላም ቤተሰብ። ሁልጊዜ አንባቢ ነኝ፤ ስጽፍ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነውና አትፍረዱብኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ገዛሁ። ጋፒ የሚባሉ ስድስት ትንንሽ ዓሣዎች አሉኝ። የላስቲክ ተክሉ አስጠላኝና እውነተኛውን ልሞክር ብዬ አንድ እስር ሃይግሮፊላ አመጣሁ። ሻጩ "ይሄ እኮ ድንጋይ ላይም ይበቅላል፤ አንቺ ብቻ ውሃ ውስጥ ክተቺው" ነበር ያለኝ።

ይኸው አሥራ አንድ ቀኑ። የታችኞቹ ቅጠሎች መጀመሪያ ቢጫ ሆኑ። ከዚያ እንደ ተቀቀለ ጎመን ለስልሰው ረገፉ። አንዳንዱ አገዳ ከወገቡ በታች ራቁቱን ቀርቷል። ሥር አውጥቶ እንደሆነ በየቀኑ ነቅዬ አያለሁ፤ የለም። መብራቱን ጠዋት 1 ሰዓት አበራለሁ፣ ማታ 4 ሰዓት ስተኛ አጠፋለሁ። አሸዋው ከሰፈር ግንባታ የመጣ ነው፤ በደንብ ታጥቧል። ሂተር የለኝም።

ልጣለው ወይስ ማዳበሪያ ነገር ልስጠው?


የጋፒ_አባት | ጥቅምት 21፣ ማታ 2፡58

ኧረ እንዳትጥይው! ጫፉ ላይ ያሉት ትንንሽ ቅጠሎች አረንጓዴ ናቸው ወይ? እሱን ብቻ ንገሪን።

ደግሞ በናትሽ በየቀኑ አትንቀይው። ማን ነው በየቀኑ እየተነቀለ ሥር የሚያወጣ? ሃሃሃ።


ጀማሪዋ_ገርጂ | ጥቅምት 21፣ ማታ 3፡05

አዎ፣ ጫፉ አረንጓዴ ነው። እንዲያውም ሦስት አራቱ ላይ አዲስ ቅጠል ወጥቷል። ግን ከድሮዎቹ ጋር አይመሳሰልም። ስስ፣ ረዘም ያለ፣ ፈዛዛ ነገር ነው። ሌላ በሽታ መስሎኝ ሁለቱን ቆርጬ ጣልኳቸው።


የጋፒ_አባት | ጥቅምት 21፣ ማታ 3፡07

ወይኔ! የጣልሽው እኮ የዳነውን ነው። ጋሽ ውሃልክ የት ናቸው? ይሄ የእሳቸው ጉዳይ ነው።


ኮልፌ_ታንክ | ጥቅምት 21፣ ማታ 3፡31

እኔ እንደሚመስለኝ ምግብ አጥሮት ነው። አሸዋ ውስጥ ምን አለ? ምንም። ከገጠር የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ዩሪያ አስመጪና ትንሽ ቆንጠር አድርገሽ ጣል አድርጊበት። ማሳ ላይ የሚሠራ ነገር እዚህ የማይሠራበት ምክንያት የለም። መብራቱም ቢጨመር አይጎዳም።


የጋፒ_አባት | ጥቅምት 21፣ ማታ 3፡44

ኮልፌ፣ በፈጠረህ! ይህን ምክር እኔ ከአራት ዓመት በፊት ለራሴ መክሬው ነበር።

አጎቴ ቤት የተረፈ ዩሪያ ነበር። አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ጨመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ምንም አልሆነም። በሁለተኛው ቀን ውሃው ደፈረሰ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አሥራ አራት ጋፒ ተንሳፎ አገኘሁ። ቅጽል ስሜን ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ የሞቱትን ለማሰብ።

በኋላ ሒሳቡን ሠራሁት። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ቢመዝን፣ 60 ሊትር ውሃ ውስጥ በሊትር 30 ሚሊግራም ናይትሮጅን ማለት ነው። ባክቴሪያ ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይቀይረዋል። ለዓሣ ከዚያ እጅግ ያነሰ አሞኒያም መርዝ ነው። ማሳ ላይ ዝናብ አለ፣ አፈር አለ፣ መሬቱ ሰፊ ነው። እዚህ 60 ሊትር ውስጥ ስድስት ነፍስ አለ።


ኮልፌ_ታንክ | ጥቅምት 21፣ ማታ 3፡50

እሺ፣ ዩሪያውን አንስቻለሁ። መብራቱን ግን አላነሳም።


ጋሽ_ውሃልክ | ጥቅምት 22፣ ጠዋት 12፡20

እንደምን አደራችሁ። ማታ ቶሎ ነው የምተኛው፤ አሁን ነው ያየሁት።

ልጄ፣ ተክልሽ አልሞተም። ልብስ እየቀየረ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገበያ ላይ የምናገኘው ሃይግሮፊላ አብዛኛው ያደገው ውሃ ውስጥ አይደለም። አምራቾቹ ሥሩን ብቻ እርጥብ አድርገው ቅጠሉን አየር ላይ ነው የሚያሳድጉት። ተክል የሚመገበው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ውስጥ እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። ውሃ ውስጥ ግን ስርጭቱ አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ይዘገያል። አየር ላይ ተክሉ ቶሎ ይደርሳል፣ የውሃ አልጌም አያስቸግረውም። ለነጋዴ ይህ ይመረጣል።

አየር ላይ ያደገ ቅጠል እንዳይደርቅ ሰም የመሰለ ሽፋን አለው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ያ ሽፋን ዕዳ ይሆንበታል፤ ጋዝ እንደልብ አያስገባም። ስለዚህ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል የሚጠቅመውን ናይትሮጅንና ፖታሲየም መጥጦ ወደ ጫፉ ይልካል። እዚያ ለውሃ የሚሆን ስስ ቅጠል ይሠራበታል። አሮጌው ይረግፋል። አንቺ በሽታ ብለሽ የቆረጥሽው አዲሱን ልብስ ነው። ግድ የለም፣ ሌላ ይሰፋል።

ተክሉንም እንደ ባዕድ አትፍሪው። አገሩ ህንድና አካባቢው ቢሆንም የቤተሰብ ስሙ ከእኛ ሰንሰልና ከእኛ ኮሸሽላ ጋር አንድ ነው። ሰንሰልን ስሚዛ የሚሉትም አሉ፤ የአጥሩን ማለቴ ነው። ሰንሰል እንዴት ነው የምንተክለው? ቆርጠን መሬት ላይ እንሰካለን፣ ከአንጓው ሥር ይሰዳል፣ አለቀ። ቅጠሉም በየአንጓው ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት ነው የሚወጣው። ሃይግሮፊላሽን ጠጋ ብለሽ እይው፤ ያው ነው። እናቴ ሰንሰል ስትተክል በማግሥቱ ነቅላ ስታይ አላስታውስም።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። እስሩን ፈተሽዋል? ካልፈታሽው ላስቲኩን ቁረጪው፤ ስፖንጅ ወይም ብረት ካለበትም አውጪው። ተጠጋግቶ የታሰረ አገዳ መሃሉ ይበሰብሳል። እያንዳንዱን ለብቻ ያዢና ከታች የለሰለሰውን ክፍል ጠንካራ አገዳ እስክታገኚ ድረስ ቁረጪ። ከታች ሁለት አንጓ ላይ ያለውን ቅጠል አንሺ። ያን ራቁት ክፍል በወረንጦ ይዘሽ አሸዋው ውስጥ አስገቢው፤ ሁለቱም አንጓ ይቀበር። ትንሽ ዘንበል አድርገሽ ብታስገቢው ተመልሶ አይንሳፈፍም። በአንዱና በአንዱ መካከል ሦስት ሳንቲሜትር ተዪ። ብርሃን እስከ እግሩ መድረስ አለበት።

ከዚያ እጅሽን ከውሃው አውጪ። ሁለት ሳምንት። የረገፈውን ቅጠል ብቻ ልቀሚ፤ ከበሰበሰ ውሃውን ያበላሻል።

መብራቱ በዝቷል። አሥራ አምስት ሰዓት ነው የምታበሪው። ፀሐይ እንኳ አዲስ አበባ ላይ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙ አትወጣም አትወርድም። ተክሉ ገና አቅም የለውም፤ ትርፉን ብርሃን የሚበላው አልጌ ነው። ሰባት ሰዓት ይበቃል። ታይመር ግዢ፤ ሰው ይረሳል።

ማዳበሪያ አሁን አትስጪ። የጋፒዎቹ ኩስና የተረፈ ምግብ አለ። እንዲያውም አዲስ አኳሪየም ውስጥ አሞኒያ የሚጠራቀምበት ጊዜ ላይ ነሽ። ይህ ተክል ያንን ይበላልሻል። እሱ ዓሣዎቹን ይጠብቃል፣ እነሱ እሱን ይቀልባሉ።

የግንባታ አሸዋ ያልሽውን ግን በሆምጣጤ ፈትኚው። ጥቂት በሲኒ አድርገሽ ጠብ ጠብ አድርጊበት። ከተፍለቀለቀ ኖራ ነክ ነገር አለበት፤ ውሃውን ቀስ በቀስ ያጠነክረዋል። ሃይግሮፊላ ይችለዋል፤ ነገር ግን ዐውቀሽው ይሁን።


ጀማሪዋ_ገርጂ | ጥቅምት 22፣ ማታ 1፡15

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ላስቲኩን አልፈታሁትም ነበር! ለካ መፈታት ነበረበት። ስፖንጅ ውስጥ የተጠቀለለ ብረት ነገር ነበረው፤ መሃሉ ያሉት አራት አገዳዎች ጠቁረው ይሸታሉ። አሥራ ሦስት ደህና ወጣልኝ። በቅንድብ ወረንጦ ተከልኳቸው። አሸዋው አልተፍለቀለቀም።

መብራቱንም ከ8 ሰዓት እስከ ማታ 3 አደረግሁት። ከሥራ ስገባ ማየት ስለምፈልግ ነው። ይቻላል አይደል?


ጋሽ_ውሃልክ | ጥቅምት 22፣ ማታ 1፡40

ይቻላል። ለተክሉ የሚጠቅመው በየቀኑ እኩል ሰዓት መሆኑ ነው። አንቺ የማታዪው አኳሪየም ለማን ይበራል?


ብሎኬት_ሠሪው | ጥቅምት 23፣ ከሰዓት 9፡02

ስለ አሸዋ ከተነሳ አንድ ነገር ልበል። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ለብሎኬት የምንጠቀምበትን ፑሚስ አጥቤ አኳሪየም ውስጥ ጨመርኩ። ቀላል ነው፣ ቀዳዳ አለው፣ ሥር ይወደዋል ብዬ። ውሃ ስሞላ ወለሉ በሙሉ ተነስቶ ጣሪያ ሆነ። ዓሣዎቹ ከድንጋይ በታች፣ ድንጋዩ ከሰማይ። ሚስቴ እስካሁን ትስቃለች።

ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ግን አብዛኛው ይሰምጣል። ስለቱን ተጠንቀቁ እንጂ ጥሩ ነው። አገዳውንም ቆንጥጦ ይይዛል።


ማሂ_ቨርጂኒያ | ጥቅምት 23፣ ማታ 5፡30

ሰላም ከአሌክሳንድሪያ፣ አሜሪካ። ውይይቱን ሳነብ ቀናሁ፤ ምክንያቱም እኔ ይህን ተክል መያዝ አልችልም። ሃይግሮፊላ ፖሊስፐርማ እዚህ በፌዴራል ደረጃ የተከለከለ አረም ነው። ፍሎሪዳና ቴክሳስ ውስጥ ከአኳሪየም አምልጦ ወንዝና ቦይ ሞላ። አንድ አንጓ ያላት ቁራጭ ከተንሳፈፈች አዲስ ተክል ትሆናለች። ጋሼ በሰንሰል የመሰሉት ልክ ነው፤ ያ ጥሩ ጠባዩ ነው ያስወነጀለው። እኔ በምትኩ ሉድዊጂያ ሬፐንስ አለኝ። እሱ የዚህ አገር ተወላጅ ስለሆነ ችግር የለውም፤ አተካከሉም ያው ነው። ብርሃን ሲያገኝ የቅጠሉ ጀርባ ቀይ ይሆናል፤ ፎቶ አያይዣለሁ።

ሌላው ስለ ውሃ። አዲስ አበባ እያለሁ ውሃ በባልዲ አሳድሬ ነበር የምቀይረው። ክሎሪን በአንድ ሁለት ቀን ይተናል። ያንኑ ልማድ እዚህ አመጣሁትና ዓሣ ፈጀሁ። ሰሜን ቨርጂኒያና ዋሽንግተን የቧንቧው ውሃ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚታከመው በክሎራሚን ነው። እሱ በባልዲ ውስጥ ቢያድር አይተንም። ጠብታ መድኃኒት ያስፈልጋል። እዚህ አካባቢ ያላችሁ እናቶቻችሁን አትስሙ፤ በዚህ ጉዳይ ብቻ።


ጀማሪዋ_ገርጂ | ጥቅምት 24፣ ጠዋት 2፡10

ማሂዬ አመሰግናለሁ። የእኛ ውሃ ሮቶ ውስጥ ቀናት ቆይቶ ነው የሚወርደው። ከዚያም በባልዲ አሳድረዋለሁ። ይበቃል?


የጋፒ_አባት | ጥቅምት 24፣ ጠዋት 2፡25

ይበቃል። እኔም እንደዛ ነኝ። በሳምንት ሩቡን ቀይሪ፤ ላንቺ 15 ሊትር ነው፣ ሦስት አራተኛ ጀሪካን። ውሃ በፈረቃ ሲሆን ደግሞ ተክል ያለው ሰው ብዙም አይጨነቅም። አንድ ሳምንት ቢያልፍ ይታገሣል።


ጀማሪዋ_ገርጂ | ኅዳር 7፣ ማታ 2፡20

ሪፖርት!

አልነካሁትም። እጄ እየበላኝ አልነካሁትም። ከአሥራ ሦስቱ ሁለት ሞተዋል። አሥራ አንዱ አዲስ ቅጠል አላቸው። አሮጌው ቅጠል በሙሉ ማለት ይቻላል ረግፏል። ዛሬ አንዱን ቀስ ብዬ ነካ ሳደርገው አሸዋው ያዘው! ሥር አለው ማለት ነው አይደል? ከአንጓዎቹም እንደ ነጭ ክር ያለ ነገር ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሏል።

አንድ ጥያቄ። እድገቱ ዘገምተኛ ነው። ቴርሞሜትር ገዛሁና ጠዋት 17 ዲግሪ አነበብኩ። ጋፒዎቹም ጥግ ይዘው ቆመዋል።


ጋሽ_ውሃልክ | ኅዳር 8፣ ጠዋት 12፡35

ነጩ ክር ሥር ነው። አትቁረጪው፤ ከውሃው በቀጥታ ይመገብበታል። የሚያስጠላሽ ከሆነ ቅጠል ሲበዛ ይሸፍነዋል።

17 ዲግሪ ለተክሉ ዝግታ ነው እንጂ ሞት አይደለም። ለጋፒ ግን ቅዝቃዜ ነው። የእኛ ሰው በጥቅምት አንድ አጥንት ይላል፤ ለጋፒ ግን አጥንት የሚሰጠው የለም። 50 ዋት ሂተር ይበቃሻል፤ 23 እና 24 ላይ አድርጊው። ተክሉም ይፈጥናል።

የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ እኔ አኳሪየሙን ጋቢ ነው የማለብሰው። ከላይ ትንሽ ክፍት እተዋለሁ። ተክል ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን እሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ከጠረፍ ከተማ በሩብ ያህል ያንሳል። ፊልተሩ ቆሞ ዓሣዎቹ ንጋት ላይ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ካየሽ፣ በጆግ ውሃውን እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አፍስሺው። እኔ አንድ ሌሊት እንደዚያ አንግቻለሁ።


ኮልፌ_ታንክ | ኅዳር 8፣ ጠዋት 3፡00

ዘገምተኛ ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ልታዘጋጅለት ትችላለች እኮ። እኔ ሠርቻለሁ። የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ስኳር፣ እርሾ፣ ለብ ያለ ውሃ። ክዳኑን በስቶ የግሉኮስ ቱቦ ማስገባት፣ ጫፉን አኳሪየሙ ውስጥ። ጠላ ሲፈላ የሚወጣው አረፋ ያው ነው።


የጋፒ_አባት | ኅዳር 8፣ ጠዋት 3፡12

ዘንድሮ ዓሣዎቹን ጠጅ ልታጠጣቸው ነው?


ኮልፌ_ታንክ | ኅዳር 8፣ ጠዋት 3፡15

ቀልድ አይደለም፣ ይሠራል! ሦስት ሳምንት ጉድ የሆነ እድገት ነበረው። ከዚያ አንድ ቀን ድብልቁ በቱቦው ሞልቶ ገባና ውሃው ወተት መሰለ። እሺ፣ ያን መናገር ነበረብኝ።


ጋሽ_ውሃልክ | ኅዳር 8፣ ጠዋት 3፡40

ኮልፌ፣ ሐቀኛ ስለሆንክ ደስ ትለኛለህ።

እርሾው ሌሊትም አያርፍም። ሌሊት ተክሉ ጋዙን አይጠቀምበትም፤ ውሃው ውስጥ ይከማቻል፤ ዓሣው ይታፈናል። በመሃል ባዶ ጠርሙስ አስገብቶ የሚሞላውን መያዝ ይቻላል። ሞክረው ለተመቻቸው ሰዎች ተቃውሞ የለኝም። ለዚህ ተክል ግን አያስፈልግም። ሃይግሮፊላን የመረጥነው ለምን ሆነና? ያለ ጋዝ፣ ያለ ውድ መብራት፣ ያለ ልዩ አፈር ስለሚያድግ ነው። ቀላሉን ተክል ይዘን ኑሮውን ካከበድንበት ምኑን ቀለለ?


ጀማሪዋ_ገርጂ | ታኅሣሥ 1፣ ማታ 1፡50

ሂተሩ ገባ፣ ነገሩ ተቀየረ። በሳምንት አራት አምስት ሳንቲሜትር እያደገ ነው። ረጅሙ ውሃው ላይ ሊደርስ ሁለት ጣት ቀረው።

ግን መሃል ያሉት ቅጠሎች ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ አለ። ዙሪያው ቢጫ ነው። ቀንድ አውጣ አይደለም፤ የለኝም። ጫፉ ላይ ያሉት ደህና ናቸው። አያቴ "አመድ ነስንሺበት፣ ጎመኔ እንዲህ ሲሆን አመድ ነው የማደርግለት" አሉኝ። ሳቅሁ፤ ግን ከዩሪያው በኋላ ደግሞ ሳልጠይቅ ምንም አላደርግም።


የጋፒ_አባት | ታኅሣሥ 1፣ ማታ 2፡08

አያትሽ ግማሹን ልክ ናቸው! ቀዳዳው የፖታሲየም እጥረት ነው፤ ሃይግሮፊላ በዚህ የታወቀ ነው። የዓሣ ምግብ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይሰጣል፤ ፖታሲየሙ ግን ትንሽ ነው። አመድ ውስጥ ደግሞ ፖታሲየም አለ።

ችግሩ አመድ ውሃውን አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ያደርገዋል። ያኔ ጉዳት የሌለው አሞኒየም ወደ መርዛማው አሞኒያ ይቀየራል። ለጎመን እሰይ፣ ለጋፒ ወዮ። የሙዝ ልጣጭ የሚልሽም ይመጣል፤ እሱ ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል እንጂ አይጠቅምም።

ፖታሲየም ሰልፌት ካገኘሽ፣ ንጹሑን፣ ግማሽ ግራም በሳምንት ላንቺ ይበቃል። በሊትር 4 ሚሊግራም የማይሞላ ፖታሲየም ነው የሚጨምረው። ውሃ በምትቀይሪበት ቀን በብርጭቆ አሟሙተሽ ጨምሪ። የተበሳው ቅጠል አይጠገንም። አዲስ የሚወጣውን ነው የምትከታተዪው።


ናታንያ_ሰገነት | ታኅሣሥ 1፣ ማታ 3፡30

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ እስራኤል ነኝ። የእኔም እንደዚህ ነበር ብዬ ፖታሲየም ብሰጠው ብሰጠው እንቢ አለ። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን የእኔ ቀዳዳ አልነበረም። የታችኛው ቅጠል ላይ ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሃል መሃሉ ነበር ቢጫ የሆነው።

እዚህ የቧንቧው ውሃ ብዙው ከባሕር ጨው ወጥቶለት የሚመጣ ነው። ጨዉን ሲያወጡት ማግኒዥየሙም አብሮ ይሄዳል። ኤፕሶም ጨው (ማግኒዥየም ያለበት ነው) ከፋርማሲ ገዝቼ በትንሹ ስጨምር በሦስት ሳምንት ውስጥ አዲሱ ቅጠል ተስተካከለ። እህቴ፣ ከመጨመርሽ በፊት ቅጠሉን አስተውለሽ እዪ ለማለት ነው። አሮጌው ቅጠል በሙሉ ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን ነው። አሮጌው ከተበሳ ፖታሲየም። አሮጌው ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ማግኒዥየም። አዲሱ ጫፍ ከነጣ ብረት። ብረት ከአንድ ቅጠል ወደ ሌላ አይዘዋወርም፤ ለዚህ ነው ጫፉ ላይ የሚታየው።


ጀማሪዋ_ገርጂ | ታኅሣሥ 1፣ ማታ 3፡41

የእኔ ቀዳዳ ነው፤ ፖታሲየም እፈልጋለሁ። ናታንያ፣ ይህን ጽሑፍሽን ማቀዝቀዣዬ ላይ ልለጥፈው ነው።


ናታንያ_ሰገነት | ታኅሣሥ 1፣ ማታ 3፡44

ወንድ ነኝ። ግን ለጥፊው።


ጀማሪዋ_ገርጂ | ታኅሣሥ 1፣ ማታ 3፡45

ውይ ይቅርታ!!


ጀማሪዋ_ገርጂ | ታኅሣሥ 19፣ ከሰዓት 10፡10

ፎቶውን እዩት። ያ አሥራ አንድ ራቁት ዱላ ይሄ ነው። ውሃው ላይ ደርሶ አሁን ተጋድሞ እየሄደ ነው። አዲሶቹ ቅጠሎች ቀዳዳ የላቸውም። ከታች ግን እንደገና ቅጠል እየረገፈ ነው። ደግሞ ምን ሆነ? አሁንም ልብስ እየቀየረ ነው እንዳትሉኝ።


ጋሽ_ውሃልክ | ታኅሣሥ 19፣ ማታ 12፡30

አይ፣ አሁን ጥላ ነው። ላዩ ላይ የተጋደመው ጣሪያ ሆኖ ከታች ያለውን ብርሃን ከለከለው። የመቁረጫው ጊዜ ደርሷል።

አትፍሪ። ከጫፉ ወደ ታች አሥራ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ለክተሽ ልክ ከአንጓው በታች ቁረጪ። መቀሱ ስለታም ይሁን፤ አገዳውን የሚጨፈልቅ መቀስ መበስበስ ያመጣል። ጫፉን እንደ መጀመሪያው ሁለት አንጓ አራቁተሽ ከፊት ለፊት ትከዪው። ይህ ውሃ የለመደ ስለሆነ አይረግፍም፤ በሳምንት ሥር ይሰዳል። የቀረው ጉቶ ከላይኛው አንጓ ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣል። ጥቅጥቅ ያለ የሚያደርገው ይህ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን አትቁረጪ፤ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን በሳምንቱ። ዓሣዎቹም መደበቂያ አይጡ፣ ውሃውም አይደንግጥ።

ሦስት አራት ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ ጉቶው ያረጃል። ያኔ ነቅለሽ ጫፎቹን ብቻ እንደገና መትከል ነው። እኔ ዘንድ ያለው ሃይግሮፊላ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከመጀመሪያው አገዳ አንድም የቀረ የለም፤ ሁሉም የልጅ ልጅ ነው።


ጀማሪዋ_ገርጂ | ታኅሣሥ 20፣ ማታ 2፡00

ቆረጥኩ! እጄ ተንቀጠቀጠ ግን ቆረጥኩ። አሁን ሃያ ሁለት ጫፍ አለኝ፤ ቦታ የለኝም። የተረፈውን ምን ላድርገው? ጎረቤቴ ወንዝ ዳር ጣይው አለኝ።


ማሂ_ቨርጂኒያ | ታኅሣሥ 20፣ ማታ 4፡45

እንዳታደርጊው! በፍጹም። ስለ ፍሎሪዳ ያልኩትን አስታውሺ።


የጋፒ_አባት | ታኅሣሥ 20፣ ማታ 5፡02

ፍሎሪዳ ድረስ ለምን እንሄዳለን። እኔ ባህር ዳር ነው ያደግሁት። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2011 ነው፤ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። እኔ ስሄድ ሰው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ነበር። አጎቴ ጀልባው መሃል ላይ ቆሞ ቀርቶበት ያውቃል። እምቦጭ ሌላ ተክል ነው፣ ይሄ ሌላ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ቁራጯ በአንድ አንጓ የምትበቅል ተክል ወንዝ ዳር አይጣልም። ፍሳሽ ውስጥም አይለቀቅም።

ፀሐይ ላይ አድርቂው፣ ሲንኮሻኮሽ አበባ ማሰሮሽ ውስጥ ጨምሪው። ወይም ለሰው ስጪ።


ጀማሪዋ_ገርጂ | ታኅሣሥ 20፣ ማታ 5፡10

ለጎረቤቴ ነግሬዋለሁ። እሺ እንግዲህ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ የሚፈልግ አለ? በነጻ ነው። ውሃ የለመደ ነው፣ አይረግፍም። ስምንት ጫፍ።


ብሎኬት_ሠሪው | ታኅሣሥ 20፣ ማታ 5፡14

እኔ! አሁን ቀይ ጠጠር ነው ያለኝ፤ ወለሉ ወለል ሆኗል። ግን አያት ሰፈር ነኝ፤ ትራፊኩ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ይደርቅብኝ ይሆን?


ጋሽ_ውሃልክ | ታኅሣሥ 21፣ ጠዋት 12፡15

አይደርቅም። እርጥብ ጋዜጣ ውስጥ ጠቅልላ በፌስታል ትቋጥረው፤ ውሃ መሙላት አያስፈልግም፣ እርጥበቱ ይበቃል። ፀሐይ አታስመቱት እንጂ አንድ ቀን ሙሉ ይቆያል።


ኮልፌ_ታንክ | ታኅሣሥ 21፣ ጠዋት 1፡50

ለእኔም አራት አስቀሪልኝ። እርሾው ቀርቷል፣ እምላለሁ።


ጀማሪዋ_ገርጂ | ታኅሣሥ 21፣ ጠዋት 2፡05

አራት ላንተ፣ አራት ለብሎኬት። ቅዳሜ ከ4 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ ቦታውን በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። ኮልፌ፣ ስትተክለው ላስቲኩን ፍታው። ጫፎቹን በላስቲክ ነው ያሰርኳቸው፤ ሌላ ነገር አላገኘሁም።